በአቡጀዴ የተጠቀለለው ሰርቨር

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሱሀይብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። «ውድ» የሚለውን ቃል ጽፌ ቆሜ አየሁት። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ አባ ደብዳቤ ሲያስተምረን እንዲህ ጀምሩ ስላለን ተውሁት። ከዚህ በታች ያለውን ግን በዚያ ቃል አትለካው።

የላክኸው ፖስታ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ላይ ለድረ ገጾች ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት ልትከፍት መሆኑን አነበብሁ። መቼም ሥራ ነው፣ ይቅናህ ልል ነበር። የማስታወቂያ ወረቀቱን ስገልጠው የአባ ፎቶ ወጣ። ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ። ከሥሩ በትልልቁ «ሷሊሕ ሆስቲንግ፤ አማናዎን ለእኛ» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልሁና ወጥቼ እጄን ታጠብሁ። ለማጋነን አይደለም፣ የምሬን በሳሙና ታጠብሁ።

ደግሞ ትእዛዝ ጨምረህበታል። አንደኛው፣ አባን «የመጀመሪያውን ሰርቨር በመጋዘኔ በአማና የጠበቅሁት እኔ ነኝ» እያለ በስልኬ ቀርጬ እንድልክልህ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን የሞተ ማሽን ከነጨርቁ፣ ሳልፈታው፣ በአውቶቡስ እንድጭንልህ ነው። ቢሮህ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ልታቆመው አስበሃል። መልሴን ከመጨረሻው ታገኘዋለህ። አስቀድሜ ግን ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልንገርህ። አንተ የምታወራውን ፌስቡክ ላይ አይቼዋለሁ፤ እኔ የማውቀውንም አንዴ ብታነበው አይጎዳህም።

በ2003 ክረምቱ ሳይገባ ደባርቅ ላይ የተደረገውን ስብሰባ ታስታውሳለህ። በመንገዱ ዳር፣ ከድብ ባሕር እስከ ዛሪማ፣ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ቱሪስቱ ገና አገሩ ሳለ ክፍል የሚይዝበት ድረ ገጽ ሥሩልን ብለው መጡ። ገጹን እኔ ሠራሁት፤ ፒያሳ ባለችው ኢንተርኔት ቤቴ፣ ደንበኛ እስኪጠፋ እየጠበቅሁ። እነዚያ ሰዎች እኛን ያመኑት ኮምፒውተር ስለምናውቅ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። አባ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መንገድ ጨርቅ ሲነግድ ኖሯል፣ እነሱም «የሐጂ ሷሊሕ ልጆች ከሆኑ ይሁን» አሉ። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አልጠየቁንም።

የቀረው፣ ገጹ የት ይቀመጥ የሚለው ነበር። ተነስቼ ኪራይ ይሻላል አልሁ። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ሰርቨሩ ላይ ትንሽ ቦታ ያከራየናል፤ መብራት ቢሄድባቸው ጄኔሬተር አላቸው፤ የጻፍነውን ሁሉ በየቀኑ ቅጂ ያኖሩልናል። እዚህ ካስቀመጥነው መብራት በሄደ ቁጥር ገጹም አብሮ ይሄዳል፣ መስመሩም ቀርፋፋ ነው አልኋቸው። ሊቀ መንበሩ አቶ ፋንታሁን ጺማቸውን እያሻሹ «እንዴው ልጄ፣ ፊቱን ላላየነው ሰው ቤታችንን እንዴት አድርገን ነው የምንሰጠው?» አሉኝ። የቅን ሰው ጥያቄ ነበር። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አንተ ተነሳህ።

«ወገኖቼ!» አልህ። ከአዲስ አበባ ከመጣህ ገና ሻንጣህ አልተፈታም፣ ወገኖቼ! «እስከ መቼ የሰው ቤት ተከራይተን እንኖራለን? የራሳችን ሰርቨር፣ በራሳችን አገር፣ በዓይናችን እያየነው!» ደገኛ ኪራይ ሲባል ምን እንደሚሰማው አሳምረህ ታውቃለህ። የራሱ ጎጆ የሌለው ሰው እዚያ እንዴት እንደሚታይም ታውቃለህ። ስለምታውቅ ነው ያንን ቃል የመረጥኸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ድብ ባሕር ላይ ለእንግዳ ብላ ሁለት ክፍል የሠራችው ይመኙሽ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ተናድጄብህ ነበር እንጂ ገና አልቀፈፍኸኝም።

ዕቃውን ልትገዛ ስትሄድ ደጋግሜ የለመንሁህ ያገለገለ ማሽን እንዳትገዛ፣ ዲስኩም ሁለት እንዲሆን ነበር፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። አንተ ደውለህ የጠየቅኸኝን ደግሞ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ፈህሚያ፣ መብራቱ ሰማያዊ ይሻላል ቀይ? ለፎቶ ማለቴ ነው» አልኸኝ። ሣጥኑ ሲመጣ እውነትም ያምራል። ግዙፍ፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚንሸራሸርበት። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን አንድ ዲስክ ያለው ያረጀ የቢሮ ኮምፒውተር ነበር። «ሁለተኛው ዲስክስ?» ስልህ «አንዱ መች ሞተና!» ብለህ ሳቅህ። በእሱ ፋንታ ለምርቃቱ የሚሆን ሰፊ ስክሪን ይዘህ መጥተሃል።

ማሽኑ በአባ መጋዘን ይቀመጥ ያሉት የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ አልወቅስህም። የአዲስ ዓለም ሰው ሐጅ ሲሄድ፣ ሱዳን ሲሻገር፣ ሆስፒታል ሲገባ የቤቱን ቁልፍና የልጁን ወርቅ አባ ዘንድ ነበር የሚያኖረው። አባ በአደራ የተሰጠውን አማና በባለቤቱ ፊት በንጹሕ አቡጀዴ ይጠቀልለዋል፣ ይቋጥረዋል። ቋጠሮውን ባለቤቱ እስኪፈታው ድረስ እሱም አይነካው፣ ሰውም አያስነካው። ልጅ ሳለሁ አንዱን ቋጠሮ በጣቴ ብነካካ ሮጠህ የከሰስኸኝ አንተ ነበርህ። ያን ጊዜ ለአማና ተቆርቋሪው አንተ ነበርህ።

በመስከረም ተመረቀ። ለምርቃቱ የተጠሩት ባለሥልጣን ሪባኑን ቆርጠው ንግግር ሲጀምሩ የማሽኑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ሰውየው ቆም ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። አንተ ጎንበስ ብለህ የጎኑን ክዳን ከፈትህ፣ እጅህን አስገባህ፣ ድምፁ ቆመ። «ጸጥ አሰኘሁት!» ስትል ተጨበጨበልህ። እኔ ሻይ እያደልሁ ነበር፤ ፍጥነቱን የቀነስኸው መስሎኝ አለፍሁት። ስትሄድ ለአባ የተውህለት ምክር «አማና ነው አባ፣ አቧራ እንዳይነካው፣ ጠላቱ አቧራ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ሙቀት አንዲት ቃል አልነገርኸውም። የይለፍ ቃሉንም «ለደኅንነት» ብለህ ይዘኸው ሄድህ፤ ቅጂ ልወስድበት እንኳ አልቻልሁም።

አባ ለአማና የሚያደርገውን አደረገ። አዲስ አቡጀዴ ከጣቃው ቀደደ፣ ሽቦዎቹ ብቻ እንዲወጡ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ጠቀለለው፣ ቋጠረው። አይቼ «አባ፣ ይሄ እኮ አየር ይፈልጋል» አልሁት። «ወንድምሽን ጠይቂ፣ እሱ ካለ እፈታዋለሁ» አለኝ። እዚያው ቆሜ ደወልሁልህ። ምን አልኸኝ? «ተይው፣ አየሩን ከሥር ይስባል፤ ሽማግሌውን አታስከፊው።» ለአረፋ ስትመጣም በዓይንህ አየኸው። «ሸጋ ነው አባ!» ብለህ ትከሻውን መታ መታ አደረግኸው፣ ከጨርቁ አጠገብ አቁመህ ፎቶ አነሳኸው፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኸው። ብዙ ሰው ወደደልህ። አባ ለወራት ያንን ፎቶ እያሳየ ደስ ሲለው ኖረ።

ከዚያ ጥምቀት ደረሰ። በመንገዱ ዳር ያሉት ክፍሎች ሁሉ ተይዘው ነበር። የእንግዶቹ ስም፣ የሚገቡበት ቀን፣ ደባርቅ ላይ ማን እንደሚቀበላቸው፣ ሁሉም ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ገጹ ድንገት ጠፋ። አባ ደውሎ «ጨርቁን በእጄ ብነካው ይፋጃል» አለኝ። ስደርስ መጋዘኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እንግዶቹ ደባርቅ ወርደው የሚቀበላቸው ሲያጡ በየሆቴሉ ተበተኑ። ይመኙሽ በግ አርዳ፣ አልጋ አንጥፋ፣ ልጆቿን ጎረቤት አስተኝታ፣ መንገድ ዳር ቆማ በሚያልፈው ማኪና ሁሉ እጇን ስታነሳ ዋለች። ማንም አልቆመላትም።

አንተ መጣህ። የማኅበሩ ሰዎች መጋዘኑ ውስጥ ቆመዋል፤ አቶ ፋንታሁን አሉ፣ ይመኙሽ አለች። ጨርቁን ፈታህ፣ ክዳኑን ከፈትህ፣ ወደ ውስጥ አየህ፣ ወዲያው ዘጋኸው። ዞር አልህና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አባ፣ በጨርቅ አፍነህ ገደልኸው እኮ!» አልኸው።

አባ አልተከራከረህም። «ለአረፋ አይተኸው ነበር» አላለህም። «ሸጋ ብለኸኝ ነበር» አላለህም። እኔ «እሱ ራሱ—» ስል በእጁ ዝም አሰኘኝ። ሰዎቹን አየና «አጥፍቻለሁ» አለ። ማሽኑን አቧራውን ጠርጎ እንደገና ጠቀለለውና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣው። ከፍቼ ልየው ስለው «የሰው ነው፣ አይነካም፤ እኛ የነካነው ይበቃል» አለኝ። አንተ በነጋታው ስብሰባ አለብኝ ብለህ ሄድህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየህም፣ ልንገርህ። አባ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ድብ ባሕር ውሰጂኝ አለኝ። ይመኙሽ ደጅ ስንደርስ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ አልገባም ብሎ፣ «ይመኙሽ፣ አማናችሁን በእጄ አጠፋሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት። ያቺ ሴት ነጠላዋን አደግድጋ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«ምነው አያ ሷሊሕ! አንቱ ምን አጠፉና? ማኪና አይደል? ማኪና ይሰበራል።»

«ማኪናውስ ይሰበር። አምናችሁ ነው የሰጣችሁኝ።»

«ምነው እንዲህ ይላሉ? እናምንዎታለን እኮ። ይግቡ፣ ይግቡ በሞቴ!»

የእሷን ሥጋ እንደማንበላ ስለምታውቅ ቆሎና ትኩስ ወተት አቀረበች። አባ አንዲት ፍሬ ቆሎ አንስቶ በጣቶቹ ሲያሻሻት ቆየና መልሶ ሳህኑ ላይ አኖራት። በየቤቱ እንዲህ አደረገ። ሁሉም አውፍ አሉት። እሱ ራሱን ግን አውፍ አላለም።

ስንመለስ መጋዘኑን ከፍቶ በእጁ ያለውን አማና ሁሉ ለየባለቤቱ መለሰ። ጎረቤታችን ሐዲጃ የእናቷን አምባር ሲመልስላት «ሐጂ፣ ምን በደልሁዎት? ማን ዘንድ ላኖረው?» ብላ አለቀሰች። «እጄ አይታመንም ልጄ» አላት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ለማንም ቁልፍ አልያዘም። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሰላምታ መቀበሉንም ተወ። እግሩ የከዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ዕድሜ ነው ይላል፣ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ድረ ገጹን እኔ በራሴ ስም ውጭ አገር ቦታ ተከራይቼ እንደገና ሠራሁት፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሪባን የቆረጠለት የለም።

እንግዲህ አሁን ወደ ፖስታህ እንምጣ። ማሽኑን ልልክልህ ባልፈልግም፣ ከዲስኩ ላይ የሚተርፍ ነገር ካለ ልሞክር ብዬ አሰብሁ። ለአቶ ፋንታሁን ደወልሁ፤ ባለቤቱ እነሱ ናቸውና። «ፍቺው ልጄ፣ ምን ቀረው ብለሽ» አሉኝ። አውርጄ ጨርቁን ፈታሁ፣ ክዳኑን ከፈትሁ።

ትልቁ ማራገቢያ አልተቃጠለም። አልተሰበረምም። ሽቦው ከመሰኪያው ተነቅሎ፣ ታጥፎ፣ ዳር ላይ ታስሯል። የታሰረበትን ሳይ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ፈትቼ ስዘረጋው የምርቃቱ ሪባን ቁራጭ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የባለሥልጣኑ ንግግር እንዲሰማላቸው ብለህ ነቀልኸው፣ ሽቦው እንዳይንጠለጠል ከመሬት ያገኘኸውን ሪባን አንስተህ አሰርኸው፣ ከዚያ ረሳኸው። ማራገቢያውን ኢንተርኔት ቤት ወስጄ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ጮኸ። ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ።

መርሳትህን ይቅር እልሃለሁ። ሰው ይረሳል። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ክዳኑን ስትከፍት ግን ሪባኑ ዓይንህ ሥር ነበር። ስለዚህ ነው ቶሎ የዘጋኸው። አይተህ፣ አውቀህ፣ ዞር ብለህ አባን «አፍነህ ገደልኸው» አልኸው። «ሳትፈቺው ላኪው» ያልኸኝም ለካ ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ፎቶውን ከነአማናው ግድግዳ ላይ ልትሰቅልና ልትነግድበት ነው። ሱሀይብ፣ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ምን የማያየው አለ? እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። አንድ ቤት ማደጋችን፣ ከአንድ ትሪ መብላታችን ቀፈፈኝ። ድምፅህን በስልክ ስሰማ የሚያንገሸግሸኝ ለምን እንደሆነ እስከዚህ ሳምንት አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ለአባ ነገርሁት። ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ ከዚህ ዓለም መሄድ የለበትም ብዬ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ሪባኑን እጁ ላይ አኖርሁለት፣ ከምርቃቱ እስከ ክዳኑ ሁሉንም ነገርሁት። እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር። ፊቱን እያየሁ ጠበቅሁ።

«ሱሀይብ ይህን አይቶታል?» አለኝ።

«አይቶታል አባ። ሲከፍተው አይቶታል።»

ሪባኑን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ «ጨርቁንስ ማን ነው ያለበሰው?» አለ።

«አንተ፤ ግን እሱ ነው—»

«እንግዲያው የኔም እጅ አለበት።» ሪባኑን አጣጥፎ መለሰልኝ። «ፈህሚያ፣ ልጅም አማና ነው። እስከ ዛሬ የማዝነው ሰዎች የሰጡኝን አጠፋሁ ብዬ ነበር። ለካ አላህ የሰጠኝንም አጥፍቻለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያንን ሸክም ላነሳለት ብዬ የባሰውን ጫንሁበት። አልረገመህም፤ እኔ ብሆን ረግሜህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሶላት በኋላ ዱዓው ረዝሟል። ከበር ሆኜ ስሰማው የሚያነሳው ያንተን ስም ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ማሽኑን አልልክልህም፤ ለማኅበሩ መልሻለሁ። አባን አልቀርጽልህም። ፎቶውንና ስሙን ከዚያ ወረቀት አንሳ፤ ካላነሳህ የሪባኑን ታሪክ እዚያው ፌስቡክህ ሥር እጽፈዋለሁ፣ ስሜንም አልደብቅም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ና። በስልክ አይሆንም፣ በሰው አይሆንም። ፊቱ ተቀመጥና «አባ፣ እኔ ነኝ፤ አይቼ ነው የዋሸሁት» በለው። አቶ ፋንታሁንና ይመኙሽም ይስሙት፣ ስትወነጅለው ሰምተዋልና። አባ አጠፋሁ የሚለው ሁለት አማና ነው። ማሽኑን ማንም አይመልስለትም። ሌላውን ልትመልስለት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፣ ጊዜውም ብዙ አይደለም።

ስትመጣ በሩን እኔ አልከፍትልህም። እሱ ይከፍትልሃል፤ እግሩ እንዲያ ሆኖም ይነሳልሃል።

እህትህ
ፈህሚያ ሷሊሕ